ውሃ ልትጠጣ ኩሽና የገባችው

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ተረት መፍጠር ብችል ኖሮ ከዚህ የተሻለ አሳምሬ እጽፍላችሁ ነበር።

አልችልም። ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ ጨለማ እንዳትጠብቁ ብዬ ነው። ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰፈራችን ባለች አዳራሽ ውስጥ ለልጆች ሂሳብና ንባብ በነፃ አስተምራለሁ። ልጆቹ "ቲቸር" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ከልጆቹ መካከል አንዷን ፌንጣ እንላታለን። ጥያቄ ጠይቄ ሳልጨርስ ከወንበሯ ዘልላ ስለምትነሳ ነው። መልሱን ባታውቀውም ትዘላለች። አንድ ቀን "እሺ፣ መልሱስ?" ስላት፣

"እሱን ቁጭ ብዬ ላስብበት" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ፌንጣ ቀርታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ቀረች። አንድ ቅዳሜ... ሌላ ቅዳሜ... አሁንም ሌላ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። እናቷን ያየኋት ልጅቷን ልታስመዘግብ የመጣች ቀን፣ አንዴ ብቻ ነው። ያን ቀን የሰጠችኝ ስልክ አይሠራም።

ሳይጠሩኝ ሰው ቤት መሄድ አልወድም። የዚያን ቅዳሜ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። አስተምራለሁ፣ ዓይኔ ባዶው ወንበር ላይ ነው። ቤቴ ገባሁ፤ ቁጭ ስል ያስነሳኛል፣ ስነሳ ያስቀምጠኛል። ምሳዬን እንኳን ሳልበላ ወጣሁ።

መዝገቤ ላይ እንደተጻፈው ቤታቸው አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል።

"እንደምን ዋሉ አባባ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ሬዲዮኑን ቀነሱት።

"ልጄ... ቅድም ገብተሽ አልነበር እንዴ?"

"እኔ? አይ፣ አሁን መምጣቴ ነው።"

"ሰላም ብልሽ ዝም ብለሽኝ አለፍሽ እንጂ።" ትንሽ አሰቡ። "ስትወጪ ግን አላየሁሽም።"

"ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ። "እርጅና ነው። ባለፈው የገዛ ልጄን ቆም በል፣ መታወቂያ ብዬዋለሁ።"

ሳቅን። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡት። ደረጃውን ስወጣ ዓይናቸው ጀርባዬ ላይ እንደተተከለ ይታወቀኛል...

ነገሩ ያኔ ነው ያልጣመኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ የስፌት መኪና ይሰማል። አንኳኳሁ። መኪናው ቆመ።

እናትየዋ ከፈተችልኝ። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላለች፣ ከንፈሯ መሃል እስፒሎች ይዛለች።

አየችኝ።

ዞራ ቤቱን አየች።

መልሳ እኔን አየችኝ።

"አንቺ..." አለች በእስፒሎቹ መሃል። "ውሃ ልጠጣ ብለሽ ኩሽና አልገባሽም እንዴ?"

ወደ ኋላዬ ዞሬ ደረጃውን አየሁ።

"በየት በኩል ወጣሽ? በጓሮ በር እንዳልል ጓሮ የለን።" ሳቀች። "እኔ እንደሆንኩ ስፌት ላይ ከተቀመጥኩ ቤቱ ቢቃጠል አልሰማም። በአጠገቤ አልፈሽ ወጥተሽ ነዋ።"

ከሰው ጋር አምታታችኝ ብዬ አሰብኩ። ደግሞም አንድ ነገር ከነከነኝ... ያኔ ምዝገባ ላይ "እርስዎ" ነበር ያለችኝ። አሁን "አንቺ" ትለኛለች። እንደ ቤተሰብ።

"ፌንጣ አለች?" አልኳት። "በጣም ናፍቃኝ ነው የመጣሁት።"

ፊቷ በራ።

"እሰይ፣ ድምፅሽ ተከፈተልሽ። ጉንፋኑ ለቀቀሽ ማለት ነው። ስታንሾካሹኪ ስትከርሚ እኮ እኔም ሳልወድ እያንሾካሾክሁ ነበር።"

ልብ ያልኩት ይሄኔ ነው።

ከቤቱ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ይፈስ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ይፈሳል፣ ጆሮ አልሰጠሁትም እንጂ። እኔ ስናገር...

ቀጥ አለ።

"ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ምን ይገትርሻል?"

እዚያው ዞሬ መሄድ ነበረብኝ። ግን ፌንጣን ሳላያት? እግሬ እምቢ አለኝ። ገባሁ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። መስኮቱ ስር የስፌት መኪናው፣ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሃል ላይ ጠረጴዛና ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች። በአንዱ ጥግ ወደ ኩሽና የሚወስድ መተላለፊያ አለ። መብራት አልበራበትም። ጨለምለም ብሏል።

ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ውሃም የለም።

"ልጅቷ መኝታ ቤት ናት፣ እስክትመጣ ይሄን ልሞክርልሽ" አለችና መኪናው ላይ የነበረውን ግራጫ ኮት አነሳች።

"ምንድነው እሱ?"

"ኮትሽ ነዋ። ልጄን በየቀኑ ቤት ድረስ እየመጣሽ በነፃ ስታስተምሪልኝ እጄን አጣጥፌ ልይሽ? ያለኝ እጄ ነው።"

በየቀኑ።

አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ አለበሰችኝ። ትከሻው ልክ ነው። ወገቡ ልክ ነው። እሷ ግን ግንባሯን ቋጠረች። ሜትሯን ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ዘረጋች። እንደገና ዘረጋች።

"ጉድ ነው" አለች።

"ምነው?"

"መጀመሪያ ስለካሽ እጅጌው እዚህ ድረስ ነበር።" ጣቶቼን አልፋ፣ ከጭኔ ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። "ሜትሬ ሰክሯል ብዬ ሳቅሁ። በማግስቱ ስለካሽ አጠረ። ቆረጥኩት። በሌላው ቀን ደግሞ አጠረ... ቆረጥኩት። ቅድም ስለካሽ ትንሽ ነበር የሚተርፈው። አሁን ይኸው፣ ልክክ።"



"እኔን ለክተውኝ አያውቁም" አልኳት።

"ዛሬ ደግሞ እርስዎ አልሽኝ?" ትከሻዬን በቀልድ መታ አደረገችኝ። "እንዲህ ስትጫወቺ እንዴት ደስ እንደምትይኝ። ከመጣሽ ጀምሮ ዝም ነበር እኮ ሥራሽ።"

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

ፌንጣ ናት።

አልዘለለችም። ከስታለች። በሩ ላይ እንደቆመች መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ ወደ ኩሽናው መተላለፊያ አየች፣ ከዚያ መልሳ እኔን። ቀስ ብላ መጣችና እጄን ያዘችኝ። መዳፌን ገልብጣ አየችው። ጣቶቿ በረዶ ናቸው።

"በሉ ትምህርታችሁን" አለች እናትየዋ። ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ታካታካታካ... ቤቱ በጫጫታ ተሞላ።

ፌንጣ ጎትታ አጎነበሰችኝ። አፏን ጆሮዬ ላይ ለጠፈች።

"ቲቸር... አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ለምን ቀረሽ?"

"ቀስ በይ። ድምፅሽን አታሰሚያት።"

"ማንን?"

በአገጯ ወደ ኩሽናው ጠቆመችኝ።

"የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ... ትንሽ ነበር አንቺን የምትመስለው። እማዬ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው ያየችሽ።"

"ምንድነው የምታስተምርሽ?"

ራሷን ነቀነቀች።

"እሷ አታስተምረኝም። እኔ ነኝ የማስተምራት።"

"ምን?"

"አንቺን።"

መኪናው ቆመ። ክር ልትቀይር ነው። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከኩሽናው በኩል የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ... እርጥብ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲላቀቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። አንዴ ብቻ።

መኪናው ጀመረ።

"ጠመኔ እንዴት እንደምትይዢ" አለች ፌንጣ። "ስትቆጪ ፊትሽ ምን እንደሚሆን። ስንረብሽ ምን እንደምታደርጊ። ፀጉርሽን በየት በኩል እንደምትከፍይ። ከተሳሳትኩ ወንበሯን እየሳበች ትጠጋኛለች።"

"ለእናትሽ አትነግሪያትም?"

"ነገርኳት። 'ትምህርት ስትጠዪ ነው' አለችኝ።"

አንጀቴን በላችው። ስንት ቀን ይሄን ይዛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች?

"ድምፅሽን ብቻ ነው ያላወቅሁላት" አለች። "እኔ ላስመስል ስል የራሴ ይሆንብኛል። በየቀኑ እሱን ነው የምትጠይቀኝ። 'ድምፅዋስ... ድምፅዋስ...' ትለኛለች።"

በር ላይ ጮክ ብዬ ያልኩት ትዝ አለኝ።



ከዚያ ከኩሽናው መጣ።

"ፌንጣ አለች?"

የእኔ ድምፅ ነው። በቴፕ የተቀዳ ድምፃችሁን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የራሳችሁ ሆኖ የሌላ ሰው የሚመስል... እንደዚያ።

"በጣም ናፍቃኝ ነው የመጣሁት።"

መኪናው ቆመ። እናትየዋ ሳትዞር "ወዬ?" አለች። መልስ ስታጣ ዞረች። እኔን አየችኝ። ልጇን አቅፌ፣ አፌን ዘግቼ፣ ሳሎኗ መሃል ቆሜያለሁ።

"በጣም ናፍቃኝ ነው የመጣሁት" አለ ኩሽናው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው።

የእናትየዋን ፊት አልረሳውም። አልጮኸችም። እስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ እያወጣች ልብሷ ላይ ሰካቻቸው።

"ይዘሻት ውረጂ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እርስዎስ?"

"ውረጂ።"

"እማዬ..." አለች ፌንጣ።

"እሽሽ። ጫማሽን ተዪው።"

ሜትሯን ከአንገቷ አነሳችና መተላለፊያው አፍ ላይ ሄዳ ቆመች። ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ መተላለፊያውን በገላዋ ዘጋችው። ከዚያ ለማንኛውም ደንበኛ በምታወራበት ድምፅ፣

"ቲቸር፣ እዚያው ሁኚልኝ። ትከሻሽ ላይ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ዞር በይና ልለካሽ" አለች።

እርጥቡ እግር መጣ። ቀስ... ቀስ እያለ።

የውጪውን በር ልከፍት ስል ዞሬ አየሁ። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ከጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ የእናትየዋን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ልጆች መልስ ሲያገኙ እኔ የማደርገው ነው። ልክ እንደኔ አድርጎ ነው የመታት። እኔ ጣት ላይ ያለው ቀለበት እንኳን እዚያ ጣት ላይ አለ።

እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም። ዘበኛው ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሱ። ባዶ እግሯን የሆነችውን ልጅ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ላይ አዩ። ዱላቸውን አንስተው ደረጃው ስር ሄደው ቆሙ።

ጠበቅን።

ፌንጣ አላለቀሰችም። የለበስኩትን ያላለቀ ኮት እጅጌ በሁለት እጇ ጨብጣ ደረጃውን ብቻ ታያለች። እኔ እዚያው እየተንቆራጠጥኩ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ደረጃው፣ ሁለት እርምጃ ወደ መንገዱ። ልውጣ? ልጅቷን ለማን ትቼ? ልጩህ? ምን ብዬ? ውጭ ልጆቹ ኳሳቸውን ይለጋሉ። የሚያልፍ የሚያገድመው እኛን አያየንም።

በመጨረሻ የእግር ኮቴ ሰማን።

እናትየዋ ነች። የደረጃውን ብረት ይዛ እየወረደች። ሜትሯ የለም። ልጇን እንዳቀፈቻት ሁለቱም መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ነው ፌንጣ ያለቀሰችው።

"አባባ" አለቻቸው ዘበኛውን። "እህቴ ቤት መሄዳችን ነው። የጠየቀዎት ቢኖር የት እንደሄዱ አላውቅም ይበሉ።"

"አላውቅም እላለሁ" አሉ። "ማንም ቢሆን?"

"ማንም ቢሆን። ይቺም ብትሆን" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን፣ ልጅቷ መሃላችን። ከዚያ እናትየዋ መስኮቱን እያየች፣

"እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ" አለችኝ። "እስካሁን ያልተናገርሽውን።"

ገባኝ።

"ምሳ አልበላሁም" አልኳት።

ትንፋሿን ለቀቀች። እጄን ፈልጋ ያዘችው።

"ስለካት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?" አለች። "'እኔን ለክተውኝ አያውቁም' አለችኝ።"

ከዚህ ሌላ እዚያ መተላለፊያ ውስጥ ስለሆነው ነገር ነግራኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ወደዚያ ቤት አልተመለሱም። የእናትየዋ እህት ባል ነው የስፌት መኪናውንና ልብሳቸውን ያመጣላቸው። ቤቱ እንደነበረ ነው አለ፣ የጎደለ የለም። ዘበኛው ግን አንድ ነገር ነግረውታል።

"ቲቸሯ እነሱ ከሄዱ በኋላ ወጣች" አሉት። "ያን ቀንስ ደህና ዋሉ ብላኛለች።"

ፌንጣ አሁን ደህና ናት። አክስቷ ሰፈር ትማራለች። መዝለል ጀምራለች አሉኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እሱን ነግሬያችሁ ላብቃ።

አዳራሿ ውስጥ ያለው ትምህርት አልተቋረጠም። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራሉ። ወላጆቻቸው መድኃኒት ቤት ሲመጡ ያመሰግኑኛል፤ "ዘንድሮ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ" የሚለኝም አለ። መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ።

እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አስተምሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ላስተምር ሄጄ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ ስላልዞረ ያን ቀን ሊነጋ ሲል ሸለብ አደረገኝና አረፈድኩ። እየሮጥኩ አዳራሿ ጋ ስደርስ ልጆቹ ባንድ ድምፅ ሲያነቡ ሰማሁ። ሌላ በጎ ፈቃደኛ ተክቶኝ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። በሩን ከመክፈቴ በፊት በጎን በኩል ዞሬ በመስኮቱ አየሁ።

ሁሉም በየወንበራቸው ናቸው። ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ሰሌዳው ተክለዋል። ከቆምኩበት ሰሌዳው አይታየኝም፤ የግድግዳው ጥግ ይከልለዋል። ጠመኔ ሲጽፍ ግን ይሰማኛል። አንዱ እጁን አወጣ። ሌላዋ ሳቀች። የፈራ ልጅ አላየሁም። እንደዚያ ጸጥ ብለው፣ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሲማሩ አይቻቸው አላውቅም።

መስታወቱን በጣቴ አንኳኳሁ።

ንባቡ ቆመ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ዞሩ። ቤት ተሳስቶ የመጣን ሰው እንደሚያዩ... እንደዚያ አዩኝ።

የፊተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ልጅ ተነሳች። ወደ ሰሌዳው ዞራ የሆነ ነገር ጠየቀች። እሺ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ወደ መስኮቱ መጣች፣ በእግር ጣቶቿ ቆመች...

መጋረጃውን ሳበችው።